ምን ሆነሽ ነው የማይባልበት ክፍል

በራያ ቆቦ ቆላ ከጦርነት የተረፉ ሴቶች ከገዛ ሰውነታቸው ጋር የሚታረቁበት መንገድ፣ መንገዱንም አብረዋቸው የሚሄዱት ሰዎች

ከወልዲያ ተነስቶ ወደ አላማጣ የሚያመራው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ ሲቃረብ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ በስተምዕራብ ወደ ደጋው የሚወጣው ተዳፋት አለ። በመካከል የተዘረጋው ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል፣ ከብት የሚረባበት፣ ፀሐዩ ገና በማለዳ የሚያቃጥል አገር ነው።

ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ወረፋ ከያዙት ሴቶች አንዷ ጨጓራዬን ትላለች። ሌላዋ ወገቤን። ሌላዋ ደግሞ ራሴን ይከፍለኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ በር ሲንኳኳ ልቤ ከደረቴ ይወጣል ትላለች። የጨጓራ ሽሮፕ ወይም የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትሄዳለች፤ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ሕመም ይዛ ትመለሳለች። ጦርነት ባለፈባቸው ወረዳዎች የሠሩ ነርሶችና አዋላጆች ይህን ምልልስ ያውቁታል። ልምድ ያካበቱት የት ላይ ነው የሚያምሽ ብለው አያበቁም፤ መቼ እንደጀመራት ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ቀንም ወርም የለውም። ከዚያ ወዲህ ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም።

ያንን መናገር ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ያላገባችውን ልጅ ዕድል ሊዘጋ፣ ወንድምን ለበቀል ሊያስነሳ፣ ጎረቤትን ለሐሜት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ዝምታዋ ድንቁርና አይደለም፤ አመዛዝና የወሰነችው ነው። ችግሩ፣ የምናውቀው የሥነ ልቦና እርዳታ አብዛኛው ከመናገር የሚጀምር መሆኑ ነው። መናገር ለማትችል ሴት በሩ ከደጁ ይዘጋባታል።

ከመናገር የማይጀምር ሥራ አለ። በዓለም ላይ የሚታወቀው የሥነ ልቦና ጉዳትን ያገናዘበ ዮጋ በሚል ስም ነው። በእኛ አገር ሴቶች በሚሰባሰቡባቸው ማረፊያዎችና የድጋፍ ማዕከላት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ስም፣ ትንፋሽ ማረጋጋትና ሰውነት ማፍታታት ሆኖ፣ ከቡናውና ከስፌቱ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል።

ሁለት የጠፉ ሶለሎች

ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ትግራይ አሸንዳ የሚሉት የነሐሴ በዓል በቆቦ ሶለል ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን በቡድን ይወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም፣ ሲታዘዝ የከረመ የልጃገረድ ሰውነት በእነዚህ ቀናት የራሱ ይሆናል። የሚዘልለው ስለፈለገ ነው፤ የሚያርፈውም ስለፈለገ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ በራያ ማሳዎች ላይ ወርዶ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በላ። በዚያው ወር መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ ተነሳ። ሐምሌ ላይ የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ፤ የዚያ ዓመት ሶለል በእነሱ እጅ ሆኖ አለፈ። አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 4፣ ተዋጊዎቹ በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎችን ረሸኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ ቀን በአራት የተለያዩ ክስተቶች 23 ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ ግድያው በአካባቢው ሚሊሻና በታጠቁ ገበሬዎች ለደረሰባቸው ጉዳት በቀል እንደሚመስል ጽፏል። ከተማዋ በታኅሣሥ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች። በዓመቱ የሶለል ከበሮ ገና በሦስተኛ ቀኑ ላይ ሳለ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2014፣ ጦርነቱ በቆቦ ዙሪያ እንደገና ተቀሰቀሰ።

በሴቶች ላይ የተፈጸመው በአንድ ወገን ብቻ የሚቆም አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ይፋ ባደረገው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች የትግራይ ኃይሎች የቡድን መድፈርን ጨምሮ የፈጸሙትን ጥቃት መዝግቧል። ከዚያ ቀደም አምነስቲ በትግራይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች እንዲሁም የአማራ ልዩ ኃይልና ሚሊሻ በሴቶች ላይ የፈጸሙትን አስገድዶ መድፈር ከ63 ተጎጂዎች አፍ ሰምቶ አውጥቷል። ከአላማጣ ወዲህና ወዲያ ያሉ እናቶች የሚሰማቸው ሕመም አንድ ነው። ይህን ለመቀበል የሚቸገር ሰው ካለ፣ ሁለቱም ዘንድ ሄዶ ስለ እንቅልፋቸው ይጠይቃቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ግጭት ተነስቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕክምና መጻሕፍት ስለ ድኅረ ጉዳት ይጽፋሉ። በቆቦ ግን ድኅረ የሚባለው ጊዜ መቼ እንደሚገባ የሚነግር የለም።

» ዝምታዋ ድንቁርና አይደለም፤ አመዛዝና የወሰነችው ነው።

ከማማው ያልወረደ ጠባቂ

ማሽላ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ከባድ ጥቃት ያለፈበት ሰውነት፣ ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ ጎተራ ከገባም በኋላ ከማማው ያልወረደውን ጠባቂ ይመስላል። ንፋስ በሩን ቢገፋው ድንጋይ ያነሳል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ትከሻና መንጋጋ ይወጠራሉ፣ ጨጓራ ሥራውን ይተዋል። ይህ የነርቭ ሥርዓታችን ለአደጋ የሚሰጠው ትክክለኛ ምላሽ ነው፤ በሽታ የሚሆነው አልበርድ ሲል ነው።

ተቃራኒውም አለ። አንዳንዷ ሴት ከመደንገጥ ይልቅ ትደነዝዛለች። ምጣድ ላይ እጇ ሲቃጠል አይሰማትም፤ ልጇን ስታጠባ ሌላ ቦታ ያለች ይመስላታል። ሰውነቷ በደል የደረሰበት ቦታ ነውና ጥላው ሄዳለች። መታጠብ፣ በሐኪም መታየት፣ ከባሏ ጋር መተኛት ሁሉ ወደዚያ ቦታ መመለስ ይሆንባታል።

ይህን የተረዱት ሐኪሞች ወደ ሰውነት ፊታቸውን ያዞሩት በቅርብ ጊዜ ነው። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን በማከም የጀመረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቤሰል ቫን ደር ኮልክ በአሜሪካ ቦስተን አጠገብ በነበረው ማዕከሉ፣ የዮጋ አስተማሪውን ዴቪድ ኤመርሰንን ይዞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ነገር ሞከረ። ከዮጋው ውስጥ ትእዛዙን፣ ውድድሩን፣ የአስተማሪውን እጅ አወጡ። የቀረው ትንፋሽ፣ ቀላል እንቅስቃሴና ምርጫ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለረጅም ጊዜ ታክመው ያልተሻላቸውን 64 ሴቶች ያሳተፈ ነበር። በሳምንት አንድ ሰዓት ለአሥር ሳምንታት ከሠሩት መካከል ግማሽ ያህሉ የሕመሙን መመዘኛ ማሟላት አቆሙ፤ ለንጽጽር የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በውትድርና ሳሉ ወሲባዊ ጥቃት በደረሰባቸው አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ተሠርቶ፣ ውጤቱ ከታወቀው የንግግር ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሴቶች ድርሻ ከንግግሩ ይልቅ በዚህኛው በለጠ። ታሪክሽን ንገሪን የሚል ስለሌለ የምትሸሽበት ምክንያት አነሰ።

ወደ እኛ ቀረብ ሲል ሩዋንዳ አለች። በዘር ጭፍጨፋው ወቅት ተደፍረው ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በኪጋሊ ፕሮጀክት ኤር በተባለ ድርጅት አማካይነት ዮጋ ሲሠሩ ዓመታት ቆይተዋል። እነዚያ እናቶች ምንጣፍ ላይ የተኙት ከጭፍጨፋው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። ሰውነት ብዙ ዓመት ይጠብቃል።

አንድ ሰዓት

ይህ ሥራ የሚሠራበት ክፍል ምንም ልዩ ነገር አይፈልግም። ሴቶቹ በቀሚሳቸውና በነጠላቸው ይቀመጣሉ። ወለል ላይ መተኛት ለብዙዎቹ ክፉ ትዝታ ስለሚቀሰቅስ ወንበር ወይም በርጩማ ይመረጣል። በሩ ከየትኛውም መቀመጫ ይታያል፤ አይቆለፍም። ማንም ከማንም ጀርባ አይቆምም፤ ሰዓቱን የምትመራው አመቻችም በሴቶቹ መካከል እየዞረች አታስተካክልም። ከመቀመጫዋ አትነሳም። አትነካም። ሐኪምም፣ አዋላጅም፣ ጸበል አጥማቂም ሳይጠይቅ በሚነካበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ትእዛዝ የለም። እጅ ወደ ላይ፣ ጎንበስ፣ ተኚ የሚሉት ቃላት የት እንደተሰሙ አመቻቿ ታውቃለች። ስለዚህ ከፈለግሽ ክንድሽን ማንሳት ትችያለሽ፣ ካልፈለግሽ እንዳለ ይሁን ትላለች። በዕድሜ ለገፋችው ደግሞ ከፈለጉ፣ እትዬ። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ ጨለማው ለብዙዎች አይመችም። እግር መሬቱን ሲረግጥ ይሰማሻል ወይ ትላለች፤ አይሰማኝም ማለትም መልስ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ከሚገባበት ይልቅ የሚወጣበትን ረዘም ማድረግ ልብን እንደሚያረጋጋ ትነግራቸዋለች። ይህ ተረት አይደለም፤ አየር ረዘም አድርገን ስናስወጣ የልብ ምት የሚቀንሰው በነርቭ ሥርዓታችን አሠራር ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የሚሆን ነገር የለም። አንዷ ትከሻዋን ታዞራለች። ሌላዋ ምንም ሳታደርግ ሰዓቱን ትጨርሳለች። አንዷ በመሐል ተነስታ ትወጣለች፤ ማንም የት ነው አይላትም፤ ስትመለስም ቦታዋ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎች ትልቁ ለውጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ሰውነቷ አይሆንም እያለ የተደረገባት ሴት፣ አሁን አይሆንም ትላለች፤ ምንም አይደርስባትም። በሚቀጥለው ሳምንት ትደግመዋለች። የሚያድነው ክንድን ማንሳቱ ነው ብዬ አላምንም፤ መጠየቁ ነው።

» የሚያድነው ክንድን ማንሳቱ ነው ብዬ አላምንም፤ መጠየቁ ነው።

ሌላው ጥበብ ክፍሉ ለማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የተደፈሩ ሴቶች ስብስብ ተብሎ ከታወቀ በትንሽ ከተማ ውስጥ ደጁን የምትረግጥ አትኖርም። ስለዚህ አስተዋይ አዘጋጆች ባሏ የሞተባትን፣ ልጇ የጠፋባትን፣ ቤቷ የተዘረፈባትን፣ ከዞብል ወርዳ ከተማ የተጠጋችውን ሁሉ አንድ ላይ ይጠራሉ። ስፌት ተምረው፣ ቡና ጠጥተው፣ በመካከሉ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ማን ምን እንደደረሰባት ማንም አይጠይቅም። አንዳንዷ ከወራት በኋላ በቡናው ላይ በራሷ ጊዜ ትናገራለች። አንዳንዷ ፈጽሞ አትናገርም፤ እንቅልፍ ግን ትተኛለች።

በሩን የከፈቱት

በአገራችን ለተጎዳች ሴት በር መክፈት የተጀመረው ከዚህ ጦርነት በፊት ነው። የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ዩሱፍ በ1995 ዓ.ም. የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ለልጆቻቸው መጠለያ ከፈተ። ማኅበሩ ከምግብና ከአልጋ በላይ ያስባል፦ ምክር፣ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ትምህርት፣ ራስን የመከላከል ሥልጠናም። ራስን መከላከል የምትማር ልጅ የምትማረው ቡጢ ብቻ አይደለም፤ እጇ የራሷ መሆኑን ነው። ከዮጋው ጋር የሚያገናኘው ክር ይኸው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ማኅበሩ ሥራውን ወደ ሰሜኑ አካባቢዎች ዘርግቷል። በዶክተር ስህን ተፈራ መሥራችነት የተጀመረው ሴታዊት ደግሞ አለኝታ የተሰኘ የስልክ መስመር ከፍቶ፣ ፊታቸውን ማሳየት ለማይፈልጉ ሴቶች በድምፅ ብቻ የሚደርስ ጆሮ ሰጥቷል።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። በቆላው ያሉት ግን ስማቸው የማይጻፍ ናቸው። የወረዳ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ አለች። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ሦስት ቀን ሠልጥና የተመለሰች፣ አራስ ልጅ አዝላ የምትሠራ አመቻች አለች። እነዚህ ሴቶች በሐምሌ 2013 የትም አልሄዱም፤ እዚያው ነበሩ። ጎረቤታቸው ሲወሰድ ሰምተዋል፤ ጤና ጣቢያቸው ሲዘረፍ አይተዋል። አንዲት እንዲህ ያለች ሠራተኛ ከፊቷ የተቀመጠችውን ሴት ትንፋሽ ለማረጋጋት መጀመሪያ የራሷን ማረጋጋት አለባት። ከሩቅ የሚመጡ አሠልጣኞች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ረጂ እና ተረጂ የሚለው ክፍፍል ቆቦ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል።

ለዚህም ነው ጥሩ ድርጅቶች ለአመቻቾቻቸው የየራሳቸውን ሰዓት የሚያዘጋጁት። ከክፍሉ በኋላ አንድ ሰዓት ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ምን ከበደሽ ይባባላሉ፤ በሌላ ሰው መመራት የእነሱ ተራ ይሆናል። ይህ ሲቀር ምን እንደሚከተል በመስኩ ያሉ ሰዎች ያውቁታል። ሠራተኛዋ በስድስት ወሯ ትደክማለች፤ ወይ ትለቃለች፣ ወይ ልቧን ዘግታ ትቀጥላለች። ልቧን የዘጋች ሠራተኛ ደግሞ ለተጎዳች ሴት ሌላ ጉዳት ናት።

የማነው ይህ?

ዮጋ የሚለው ስም ሲነሳ ቄሱም ሼኹም ቅር ይላቸዋል። የሌላ እምነት አምልኮ ነው የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሥሩ በህንድ መንፈሳዊ ባህል ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። ኤመርሰን ያዘጋጀው ዘዴ ግን የሳንስክሪት ቃል፣ ዝማሬና ጸሎት አያስገባም። ቢያስገባ ኖሮ ለቆቦ አይሆንም ነበር፤ ከእምነቷ ውጭ ሌላ መጠጊያ ያልቀራትን ሴት በእሱም የሚያጠራጥር ነገር እርዳታ ሊባል አይችልም።

ደግሞም ራያ ሰውነት ከሐዘን ጋር እንደሚነጋገር ለመማር ከሩቅ አስተማሪ አልጠበቀም። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ስትመራ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ እየተወዛወዙ፣ ዙሪያውን እየረገጡ ያለቅሳሉ። በወሎ ወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ ድምፅና ትንፋሽ አንድ ላይ ይወጣል ይወርዳል። የሚሰግደው ምእመን ጉልበቱና ግንባሩ መሬት ይነካል።  ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ክፍተት አለ። ለሞተ ሰው ለቅሶ አለ፤ ለተደፈረች ሴት ግን ድንኳን አይጣልም። ሐዘኗ አደባባይ አይወጣም፤ ስለዚህ ደረት የምትደቃበት ቦታ የላትም። አዲሱ ሥራ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ የነበረውን ተክቶ አይደለም።

በቆቦ ዘላቂ የሚሆነው መልክም ከዚህ የሚወጣ ይመስለኛል። ከበሮው ያለበት፣ እስክስታው ያለበት፣ ሴቶቹ ራሳቸው የመረጡት እንቅስቃሴ። የራያ ሴት ትከሻዋን ማንቀሳቀስ ከማንም አትማርም። የሚያስፈልጋት ትከሻዋን የምታንቀሳቅስበት፣ ማንም የማያዛት አንድ ሰዓት ነው።

የማይችለው

ይህ ሥራ ሐኪም አይተካም። ጥቃት የደረሰባት ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ብትደርስ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ትችላለች፤ በአምስት ቀን ውስጥ ያልተፈለገ እርግዝናን መከላከል ይቻላል። ተቋማቱ በተዘረፉበት ወቅት ይህ ሁሉ አልተገኘም፤ ብዙዎች የመጡት ከወራት በኋላ ነው። ራሷን ለማጥፋት የምታስብ፣ ከእውነታ የራቀች ሴት የሥነ አእምሮ ሐኪምና መድኃኒት ያስፈልጓታል። ለእሷ ትንፋሽሽን አዳምጪ ማለት በቂ አይደለም፤ አደገኛም ሊሆን ይችላል።

ፍትሕንም አይተካም። ሳይናገሩ መዳን መጀመር ይቻላል ማለት ዝም በሉ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሴቶች እንቅልፋቸው ሲመለስና እጃቸው መንቀጥቀጡን ሲተው ነው ለመናገር አቅም የሚያገኙት። ያን ጊዜ ቃላቸውን የሚቀበል ፍርድ ቤት ከሌለ እኛ ሁላችን እንጠየቅበታለን።

በተረፈ የሚጎድለው ነገር ትንሽና የታወቀ ነው። ፕሮጀክቶች የሚመጡት ለወራት ነው፤ አመቻቿ ከሴቶቹ ጋር መተማመን ስትጀምር በጀቱ ያልቃል። ሆቴል ውስጥ በሚሰጥ ሥልጠናና በምስክር ወረቀት ብቻ ይህ ሥራ አይሠራም። በመስኩ ያሉ ሴቶች የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ነው፦ ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚቆይ ደመወዝ፤ በወር አንድ ጊዜ ከደሴ ወይም ከወልዲያ መጥታ የምታዳምጣቸው ባለሙያ፤ መንገድ ሲዘጋ በስልክ የምትገኝ፤ ከዞብልና ከሩቅ ቀበሌዎች ለምትመጣዋ የትራንስፖርት ገንዘብ፤ እናትየዋ ለአንድ ሰዓት ክንዷ ነጻ እንዲሆን ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው።